የጋራ ቆጣሪና የተወቀሰው ምጣድ

ጥያቄ

«የምንኖረው አዲስ አበባ፣ አየር ጤና አካባቢ ነው። አከራያችን እትዬ በትልቁ ቤት ይኖራሉ፤ እኛ አራት ተከራዮች ደግሞ በሰርቪስ ቤቶቹ ውስጥ ነን። የመብራት ቆጣሪው ለግቢው አንድ ብቻ ነው። ቢሉ ሲመጣ እትዬ ሂሳቡን ለአምስት እኩል ያካፍሉታል፤ እኔ ግን ምጣድ ስላለኝ በድርሻዬ ላይ በየወሩ 200 ብር እጨምራለሁ። ባለፈው ወር ቢሉን ሳየው የግቢው ፍጆታ 780 ይላል።

እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን ነን። ምጣድ፣ ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አነስተኛ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ካውያ አሉን። እንጀራ የምጋግረው በየሦስት ቀኑ ነው፤ አንዷ ጎረቤቴም በሳምንት አንዴ በእኔው ምጣድ ትጋግራለች። የቀሩት ሁለት ቤቶች ወንደላጤዎች የተከራዩዋቸው ናቸው። እትዬ ቤት ቦይለር አለ፤ ለግቢው ውኃ የሚስበው ፓምፕም ከዚያው ቆጣሪ ነው። እውን ምጣዴ ይህን ያህል ይበላል? ወደ ከሰል ልመለስ? ወይስ ለብቻዬ ንዑስ ቆጣሪ ይግባልኝ ልበል? ከእትዬ ጋር መቀያየም አልፈልግም፤ ልጆቼን እንደ ራሳቸው የልጅ ልጆች ነው የሚያዩዋቸው።»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤ ንዑስ ቆጣሪን በተመለከተ ያነሡት ጥያቄ ብዙ ተከራዮች የሚያነሡት ነው፤ አማካሪ ሁሉ «ይግባልሽ በያቸው» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ይጨርሳል። እኔ ግን እትዬን ከማነጋገርዎ በፊት አንድ ምሽት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው የራስዎን ቤት ፍጆታ ቢያሰሉ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከጻፉልኝ ዝርዝር ተነሥቼ ስገምተው ውጤቱ እርስዎ ከጠበቁት የተለየ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቢሉ ላይ 780 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሙሉ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ አምስት መቶ ዋት የሚስበው ደግሞ ያንኑ ለመብላት ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ የአንድን ዕቃ ፍጆታ ለማወቅ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጀርባው ወይም ከሥሩ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ያለው የዋት መጠን ሲሆን፣ ሌላው ዕቃው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ነው። በየግቢው በመብራት ሂሳብ የሚነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ሁለተኛውን ስለሚረሳው ነው። ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ የቆጣሪው ቀይ መብራት ይጣደፋል፣ የግቢው ሰው ሁሉ ያየዋል። ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ድስት የሚያንተከትከውን ምድጃ ግን ማንም ልብ አይለውም።

እስቲ ምጣዱን እንየው። በየቤቱ የሚገኘው የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ከዚያ ትንሽ የሚበልጥም የሚያንስም አለ። ከተሰካ በኋላ ሸክላው በደንብ እስኪሰማ ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ይህ ገና አንድ እንጀራ ሳይነሣ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማሰሱን፣ ሊጡን ማዞሩንና እንጀራው በስሎ እስኪወጣ ያለውን ጊዜ ጨምሮ ለአንዱ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ብንይዝ፣ አሥራ አምስት እንጀራ በአርባ አምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ይህ ደግሞ 2.6 ይሆናል። የአንድ ጊዜ ጋገራዎ በድምሩ 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በየሦስት ቀኑ ሲጋግሩ በወር አሥር ጊዜ ስለሚመጣ፣ የእርስዎ ምጣድ የወር ፍጆታ 38 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የጎረቤትዎ የሳምንት ጋገራ ሲታከልበት ከ50 ትንሽ ያልፋል፤ ነገር ግን ያኛው የእርሳቸው እንጂ የእርስዎ አይደለም።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ። ባለ አንድ ዓይን ምድጃ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ዋት ይስባል፤ የእርስዎን 1,500 ዋት ነው እንበል። አራት ሰው ላለበት ቤት ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ሻይና ቡና ሲደማመር በቀን ሁለት ሰዓት በጣም የተጠነቀቀ ግምት ነው፤ ሽንኩርቱ ለመቁላላት ብቻ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሁለት ሰዓቱን ብንይዝ በቀን 3፣ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ይህ ምጣዱ ከሚበላው ከእጥፍ በላይ ነው። እትዬ ለምጣዱ 200 ብር ሲያስጨምሩ ለምድጃው ምንም አላሉም፤ እርስዎም ቢሆኑ በደብዳቤዎ ውስጥ በምጣዱ እንጂ በምድጃው አልተጨነቁም።

የቀሩትን ዕቃዎች በአጭሩ እንለፋቸው። አነስተኛ ፍሪጅ በወር ከ30 እስከ 45 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚበላ 35 እንያዝለት። ሰባ ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን በቀን አምስት ሰዓት ቢከፈት በወር 10 ገደማ ነው። ዘጠኝ ዋት የሆኑ ሦስት ኤልኢዲ አምፖሎች ማታ ማታ አምስት ሰዓት ቢበሩ ሁሉም ተደምረው ከ4 ብዙ አያልፉም፤ ከመካከላቸው የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ካለ ግን እርሱ ብቻውን 9 ስለሚበላ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይቀይሩት። ካውያው በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 6 ያህል ነው። የስልክ ቻርጀር ሲቆጠር የሚውልባቸው ግቢዎች እንዳሉ እሰማለሁ፤ አንድ ስልክ በየቀኑ ቢሞላ በወር ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ ስለማይደርስ ጎረቤት የሚያጣላ ነገር አይደለም። ሁሉም ሲደመር የእርስዎ ቤት የወር ፍጆታ 183 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ያልጠበቁት ነገር የሚመጣው። የግቢው 780 ለአምስት እኩል ሲካፈል 156 ይደርስዎታል። እርስዎ 183 እየተጠቀሙ የሚከፍሉት የ156 ነው ማለት ነው፤ የ27 ኪሎዋት ሰዓት ልዩነት በእኩል ክፍፍሉ ሌላው ሰው ይሸፍንልዎታል። ለስሌት እንዲመቸን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት አማካይ ዋጋ 5 ብር ነው እንበል፤ ያ ልዩነት 135 ብር ይመጣል። እትዬ የሚያስጨምሩዎት 200 ብር ስለሆነ በዚህ ግምት መሠረት ከሚገባዎት በላይ የሚከፍሉት 65 ብር አካባቢ ነው፤ እርሱም ቢሆን የጎረቤትዎን ጋገራ ዋጋ ያህል ነው። ትክክለኛውን ለማግኘት በቢሉ ላይ ያለውን ጠቅላላ ብር ለጠቅላላው ኪሎዋት ሰዓት ያካፍሉና የሚመጣውን ቁጥር በእኔ 5 ብር ምትክ ይተኩት። የእትዬ አሠራር በሚዛን የተለካ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ተበድያለሁ ብለው ድምፅዎን ከፍ የሚያደርጉበትም አይደለም። እንዲያውም ለመነጫነጭ የበለጠ ምክንያት ያላቸው ሁለቱ ወንደላጤዎች ይመስሉኛል፤ ማልደው ወጥተው ማታ የሚገቡና ምግባቸውን ውጭ የሚበሉ ከሆኑ የእያንዳንዳቸው ፍጆታ 50 መድረሱንም እጠራጠራለሁ።

የእትዬን ቤት በሩቁ መገመት አልፈልግም፤ ሆኖም ቦይለሩና ፓምፑ ስለተነሡ መጠናቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ሃምሳ ሊትር ውኃ ከአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ቅዝቃዜ ተነሥቶ 60 ዲግሪ እስኪደርስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህ በየቀኑ አንድ ጊዜ ከተደረገ በወር ከ70 በላይ ነው። ቦይለሩ ሃያ አራት ሰዓት ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ደግሞ ማንም ሳይታጠብበት የሚቀዘቅዘውን ውኃ መልሶ መላልሶ ሲያሞቅ ተጨማሪ ይበላል፤ ከመታጠብ በፊት ሰክቶ በኋላ መንቀል ይህን ያስቀራል። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 22 ያህል ነው፤ ውኃውን የምትጠጡት ሁላችሁም ስለሆናችሁ እርሱን ለአምስት እኩል መካፈል ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በግቢው ውስጥ ማንም ያላጠፋው ጥፋት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ሲሆን ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የተጨመረው ታሪፍ በመጨረሻው ደረጃው ላይ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለውን በ0.2730 ብር፣ እስከ 100 ያለውን በ0.7670፣ እስከ 200 ያለውን በ1.6250 ሲያስከፍል፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2.4810 ብር ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ የሚሄድ ሌላ ጭማሪ ስለመጣ እነዚህን ቁጥሮች ለዛሬ ሂሳብዎ አይጠቀሙባቸው፤ የእርከኖቹ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ እንዲያዩበት ብቻ ነው ያነሣኋቸው። እርስዎ የብቻዎ ቆጣሪ ቢኖርዎ በ183 ኪሎዋት ሰዓት ከሦስተኛው እርከን አያልፉም ነበር፤ ወንደላጤዎቹም ዝቅተኛ ተጠቃሚ እንዲደጎም ተብሎ ከተቀመጠው ከመጀመሪያው እርከን ብዙ አይርቁም ነበር። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን 780 ሆኖ ከላይኛው እርከን ይወድቃል። ታሪፉ ከቆጣሪው በስተጀርባ ስንት ጎጆ እንዳለ አያይም፤ ስለዚህ ለድሃ የታሰበው ቅናሽ የጋራ ቆጣሪ ያለው ግቢ ውስጥ ለሚኖረው ድሃ ሳይደርስ ይቀራል። ይህ በታሪፍ አወጣጡ ላይ ሊታሰብበት የሚገባ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እስከዚያው ድረስ ግን ለእናንተ ግቢ የሚያስተምረው ነገር፣ ማንኛችሁም ብትሆኑ የምትቆጥቡት እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚነሣው ከውዱ እርከን ላይ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ቁጠባውን ከምድጃው ይጀምሩ። ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ከሆነ ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ ጠዋት የመብሰያ ጊዜው በግልጽ ያጥራል። አቅም ከፈቀደ ሥጋና ጥራጥሬ የሚያበስሉበት ፕሬዠር ድስት ይግዙ፤ ለአንድ ሰዓት ይንተከተክ የነበረውን በግማሽ ጊዜ ስለሚያደርስ ከጊዜ በኋላ ዋጋውን ይመልሳል ብዬ የምደፍርለት ዕቃ እርሱ ነው። የድስቱን ቂጥም ይመልከቱት፤ የተጎደጎደ ወይም የተጣመመ ከሆነ ምድጃው ላይ የሚያርፈው በጠርዙ ብቻ ስለሚሆን ከሙቀቱ ብዙው አየሩን ነው የሚያሞቀው። ክዳን መክደን ሁሉም የሚያውቀውና ጥቂቶች የሚያደርጉት ነገር ነው። ወጡ ከፈላ በኋላ ምድጃውን ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ ማስተካከያ የሌለው ምድጃ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መንቀል ይቻላል፤ የጋለው ዓይን ሽሮውን ለማድረስ ይበቃል። ለሻይ የሚፈላውን ውኃ በአንድ ጊዜ አፍልቶ በፔርሙዝ ማስቀመጥም በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ምድጃ ከመሰካት ያድናል። በእነዚህ ሁሉ የምድጃውን ጊዜ በቀን በአርባ ደቂቃ ቢያሳጥሩት በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ይቀንሳል፤ ይህ ብቻውን ከእኩል ድርሻው ጋር በጣም ያቀራርብዎታል።

ምጣዱ ላይ የሚገኘው ቁጠባ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም አይናቅም። ኪሳራው የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ስለሆነ ጎረቤትዎ በሌላ ቀን ቀዝቃዛውን ምጣድ ከማስነሣት ይልቅ እርስዎ ጨርሰው ሳይነቅሉት ሊጣቸውን ይዘው ቢመጡ፣ ማሟቂያው ለሁለት ቤት አንድ ይሆናል። ሸክላው ግለቱን ይዞ ስለሚቆይ የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ምጣዱን ነቅለው በቀረው ሙቀት ያውጧቸው፤ የልጆቹ እንጎቻ ደግሞ ከዚያም በኋላ ይደርሳል። ማሰሻው፣ ጎመን ዘሩና ሊጡ አጠገብዎ ሳይቀርቡ ምጣዱን አይሰኩ፤ ሊጥ እየቀጠነ ወይም አብሲት እየተጣለ የሚግል ምጣድ በነጻ አይግልም።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልበል። «ሌሊት ርካሽ ነው» ብለው ከእንቅልፋቸው ተነሥተው የሚጋግሩ ሰዎች አሉ፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ግን ቀንና ሌሊት ስለማይለይ ለዋጋው ብሎ መነሣት ትርፉ ድካም ነው። መሸሽ የሚገባው ሰው ሁሉ ምድጃውን የሚሰካበትን ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያለውን ጊዜና የበዓል ዋዜማን ነው። በዚያን ጊዜ ኃይሉ ይደክማል፤ 220 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 180 ሲወርድ 3,500 ዋት የሚስበው ምጣድ ጉልበቱ ሲሦ ያህል ይቀንሳል። ምጣዱ ቶሎ አይሰማም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጋገራው ይረዝማል፤ በረዘመው ጊዜ ሁሉ ደግሞ ከምጣዱ ሥርና ከጠርዙ የሚባክነው ሙቀት ይቀጥላል። ረፋድ ላይ መጋገር ከቻሉ ያን ይምረጡ።

ከገንዘቡ በፊት የሚመጣ ጉዳይም አለ። ይህ ምጣድ ሲሠራ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ ከሆነ ዛሬውኑ ይለዩት። በብዙ ሰርቪስ ቤቶች ከትልቁ ቤት የሚሳበው ሽቦ ለአምፖልና ለሬድዮ ታስቦ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው። ሲጋግሩ ሶኬቱን በእጅዎ ጀርባ ጠጋ ብለው ይሞክሩት፤ ሞቆ ካገኙት ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተዎ ጋገራውን አቁመው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ። የሚሞቅ ሽቦ ኃይልም ያባክናል፤ ዋናው ስጋት ግን እሳት ነው።

ወደ ከሰል ይመለሱ እንደሆነ ለጠየቁት መልሴ አይመለሱ የሚል ነው። ለቡና ሥርዓት የምትነድ ትንሽ ከሰል የወግ ነገር ናት፤ የቤቱን ወጥ ሁሉ በከሰል ላድርስ ቢሉ ግን የከሰል ዋጋ የደረሰበትን እያወቁ ከመብራቱ የሚያተርፉትን እዚያ ይጥሉታል። ከዚያ በላይ ደግሞ በጠባብ ሰርቪስ ቤት ውስጥ በርና መስኮት ተዘግቶ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው፣ በተለይ በክረምት ቅዝቃዜ ጊዜ፣ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ሁለት ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ሊደፍር አይገባም።

ቢሉን ካነሣን፣ የሚቀጥለው ሲመጣ አንድ ነገር ያመሳክሩ። ቢሉ ላይ ያለፈው ወር ንባብና የዚህ ወር ንባብ ይጻፋሉ፤ ፍጆታ የሚባለው የሁለቱ ልዩነት ነው። የዚህ ወሩን ንባብ ከቆጣሪው ጋር ያስተያዩት፤ ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ቢሉ ከሚለው ካነሰ ንባቡ ተገምቷል ወይም ተሳስቷል ማለት ነው። ቆጣሪ አንባቢው አንድ ወር ሳይመጣ ቀርቶ የሁለት ወር ፍጆታ በአንድ ቢል ተጠቃሎ ከመጣም እርከኑን ያለ አግባብ ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ማመልከት ይገባል። የቆጣሪውን ፎቶ በስልክ አንሥቶ በአካባቢው ወዳለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል መሄድ ወይም በ905 መደወል ይቻላል፤ ውሉ በእትዬ ስም ስለሆነ አቤቱታውም በእርሳቸው በኩል ቢቀርብ ይሻላል። ሌላም ቀላል ፍተሻ አለ፤ ሁላችሁም ተስማምታችሁ ለአምስት ደቂቃ ፍሪጁን ጨምሮ ሁሉንም ዕቃ ብትነቅሉና የቆጣሪው መብራት ግን ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ፣ ወይ የተረሳ ዕቃ አለ ወይ ከመስመሩ ላይ የሚፈስ ኃይል አለ።

አሁን እትዬን ስለማነጋገሩ ልጻፍልዎ። ቢል የመጣ ዕለት፣ ተከራይ ሁሉ ባለበት፣ ከገንዘብ መሰብሰቡ ጋር አያይዘው አያንሡት፤ ለብቻቸው ሆነው ቡና ላይ ቢያነሡት ይሻላል። ይህ ፍራቻ አይደለም፤ ሰው በተከራዮቹ ፊት ሂሳቡ ሲጠየቅ እንደተሰደበ ይቆጥረዋል። «እትዬ፣ የመብራቱ ነገር እየጨመረ ሁላችንንም እያስጨነቀን ነው፤ በየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ብናስገባ እርስዎም ከማካፈሉ ጣጣ ያርፋሉ፣ እኛም የየራሳችንን እያየን እንቆጥባለን፤ የእኔን ራሴ ገዝቼ አስገባለሁ» ማለት ይችላሉ። «ከመጠን በላይ እየከፈልኩ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ይተዉት፤ ስሌቱ እንዳሳየዎት ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለምና። ምድጃው ላይ ያልኩዎትን ቁጠባ አስቀድመው ሁለት ወር ቢሞክሩት ደግሞ ንዑስ ቆጣሪው በገባ ማግሥት የራስዎ ቁጥር አያስደነግጥዎትም።

ንዑስ ቆጣሪ ከገባ አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። የቢሉ ጠቅላላ ብር ለጠቅላላው ኪሎዋት ሰዓት ይካፈልና የአንዱ አማካይ ዋጋ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ንባብ በዚያ ዋጋ አባዝቶ ይከፍላል። ከዋናው ቆጣሪ የአራቱ ተከራዮች ድምር ሲቀነስ የሚቀረው የትልቁ ቤት፣ የፓምፑና የግቢው መብራት ነው። እዚህ ላይ ጠብ የሚያነሣው ይህ ቀሪ ስለሆነ ለትልቁ ቤትም አንድ ቆጣሪ ቢገባ፣ የፓምፑና የግቢው መብራት ብቻ ለአምስት ቢካፈል ነገሩ ይጠራል። የሁሉም ቆጣሪዎች ንባብ የሚመዘገበው ዋናው ቆጣሪ በሚነበብበት ዕለት መሆን አለበት፤ በተለያየ ቀን የተነበቡ ቁጥሮች ሲደመሩ መቼም አይገጥሙም። ገጠማውን የሚሠራው ሰው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሁን፤ ዋናው ቆጣሪና ማኅተሙ ግን የድርጅቱ ንብረት ስለሆኑ ማንም ሊነካቸው አይገባም። የጎረቤትዎ ጋገራም ከእንግዲህ በእርስዎ ቆጣሪ ላይ ስለሚቆጠር፣ ምጣዱ ከመሰካቱ በፊትና ከተነቀለ በኋላ ንባቡን አብራችሁ አይታችሁ ልዩነቱን እንዲከፍሉ ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ «አንቺ ደግሞ ለጥቂት እንጀራ!» ማለታቸው አይቀርም፣ ግን በፈገግታ የሚያልቅ ነገር ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ ውላችሁን ስታድሱ የመብራት አከፋፈሉን በሁለት መስመር እንዲጨመርበት ይጠይቁ። በእነዚያ መስመሮች ውስጥ ንዑስ ቆጣሪው ሥራ ከጀመረበት ወር አንሥቶ የምጣዱ 200 ብር እንደሚቀርና፣ ቤቱን ሲለቁ በገንዘብዎ የገዙትን ቆጣሪ ይዘው እንደሚሄዱ ወይም እትዬ ዋጋውን እንደሚመልሱልዎ ያስጽፉ።